ቤተ መዘክርና የአደባባይ ታሪክ፤ ቴክኖሎጂ የምስክር አገልጋይ ሲሆን

«መዘክር» የሚለው ቃል «ዘከረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ዘከረ ማለት አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ሲሆን፣ ዝክርና ተዝካር የምንላቸውም ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። እንግዲህ ቤተ መዘክር በቃሉ ፍቺ የማስታወሻ ቤት ነው እንጂ የአሮጌ ዕቃ ማከማቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው ብሔራዊውን ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ባጭሩ «ወመዘክር» እያለ ይጠራዋል። «ወ» የተባለችው መስተጻምር ሳትቆረጥ የስሙ አካል ሆና መቅረቷ ፈገግ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ቃሉ በሕዝብ አፍ ምን ያህል እንደ ሰረጸ ያመለክታል።

ውድ አንባብያን፤ በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን ስለ ቤተ መዘክርና በዚያ ስለሚሰጠው ትምህርት ለመጻፍ የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ቁምስናዎች የትምህርተ ክርስቶስ ተማሪዎቻቸውንና የወጣት ማኅበራት አባላትን በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ቤተ መዘክር ይዘው ይሄዳሉ። መሄዱ መልካም ነው። ይሁንና ልጆቹ ስልካቸውን ከፍ አድርገው በየመስተዋቱ ሣጥን ፊት ሲያልፉ፣ ብዙ ምስልና ጥቂት ትዝታ ይዘው ሲመለሱ እናያለን። በሌላ በኩል ደግሞ በየቁምስናው ያለፈውን ዘመን በዓይናቸው ያዩ አረጋውያን፣ የሚያውቁትን ማንም ሳይጠይቃቸው አንድ በአንድ ከመካከላችን ይለያሉ። ሁለቱ ነገሮች የተራራቁ ይመስላሉ፤ ግን አንድ ጉድለት ናቸው። ሁለቱም «ይህን ማን ነገረን? እንዴትስ አወቅን?» የሚለውን ጥያቄ ካለመጠየቅ የሚመጡ ናቸውና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ጥያቄው ቀላል እንዳይመስለን አንድ ጥናት እንጥቀስ። ሮይ ሮዘንዝዋይግና ዴቪድ ቴለን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የታሪክ ምሁራን አንድ ሺሕ አምስት መቶ ያህል ሰዎችን በስልክ ጠይቀው፣ ውጤቱን በ1998 በመጽሐፍ አሳትመው ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ስለ ያለፈው ዘመን የሚነግርዎትን የትኛውን ያምናሉ? ከአሥር ስንት ይሰጡታል?» የሚል ነበር። ሰዎቹ ለቤተ መዘክር 8.4፣ አያቶቻቸውና ዘመዶቻቸው በቃል ለሚነግሯቸው 8.0፣ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን 7.3፣ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን 6.6፣ ለሲኒማና ለቴሌቪዥን 5.0 ሰጡ። መጽሐፍ እንኳ ከመምህሩ በታች ሆኖ 6.4 ብቻ አገኘ። ቤተ መዘክርና አያት ጎን ለጎን ከሁሉ በላይ መቀመጣቸው ሊያስደንቀን አይገባም፤ አንዱ ዕቃውን ያሳያል፣ ሌላው «እኔ ነበርሁ» ይላል። ነገር ግን ይህን ያህል የሚታመን ቤት ቢሳሳት ወይም ቢያሳስት፣ ስሕተቱን የሚያርመው ማን ነው? እምነቱ በበዛ መጠን ኃላፊነቱም ይከብዳል።

የአደባባይ ታሪክ ምንድን ነው?

የአደባባይ ታሪክ የምንለው ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭ ለሕዝብ፣ ይልቁንም ከሕዝብ ጋር፣ የሚሠራውን የታሪክ ሥራ ነው። ቤተ መዘክር፣ ሐውልት፣ የመታሰቢያ ቦታ፣ የራዲዮ ትረካ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ የአንድ ሰፈር አረጋውያን ቃል ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ይህ ሥራ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ሆኖ በ1976 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ባርባራ መሰጠት ጀመረ፤ ጀማሪውም ሮበርት ኬሊ የተባሉ የታሪክ ምሁር ነበሩ።

ግብሩ ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል። ለዚህም በሮም ከተማ በቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ቤት ይኖሩ የነበሩት አባ ጎርጎርዮስ ምስክር ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1649 በሮም አገኛቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ወደ አገሩ ጋብዟቸው ሄዱና፣ በዚያ ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ፣ ስለ መሬቱ፣ ስለ ሥርዓቱና ስለ ቋንቋው እየጠየቀ የመለሱለትን ይጽፍ ነበር። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ቢሆንም በ1681 በላቲን ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 ያወጣውም የአማርኛ ሰዋስው፣ ለብዙ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት መነሻ ሆነዋል። እኛን እዚህ ላይ የሚያስደስተን መጻሕፍቱ መታተማቸው ብቻ አይደለም። ሉዶልፍ የሰማውን ከማን እንደ ሰማ አልደበቀም፤ የአባ ጎርጎርዮስን ስም ጠቀሰ፣ በኋላም መልካቸውን አስቀርጾ አወጣ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በእስክንድሩና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። ሉዶልፍ ባይጠይቃቸው ኖሮ እውቀታቸው አብሯቸው በሰጠመ ነበር። የዘመኑ ቴክኖሎጂ ብዕር፣ ቀለምና የማተሚያ መኪና ነበር፤ ምስክሩን ለማገልገል ግን በቂ ሆነ።

ወደ ዘመናችን ስንመለስ፣ በአዲስ አበባ ሁለት ቤቶች የአደባባይ ታሪክ እንዴት እንደሚሠራ በተለያየ መንገድ ያሳዩናል። አንደኛው በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ነው። ቤቱ ቀድሞ ገነተ ልዑል ይባል የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። የባህል ዕቃዎቹ የተደረደሩት በብሔረሰብ ወይም በክፍለ ሀገር ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው፤ ከልደትና ከልጅነት ተነሥቶ በጉልምስና አልፎ እስከ ሞትና ከሞት በኋላ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ጎብኚው «ይህ የእነርሱ ነው፣ ይህ የእኛ ነው» ከማለት ይልቅ «ሁላችንም ልጅ እናጠባለን፣ ሁላችንም ሬሳ እንቀብራለን» እያለ ይወጣል። አደራደር ብቻውን እንዲህ ያለ ትምህርት እንደሚሰጥ ብዙ ሰው አያስተውልም።

ሁለተኛው በ2010 በመስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ቤተ መዘክር ነው። እዚያ የሟቾች ፎቶግራፍ፣ ልብስና አፅም ይታያል። ይሁን እንጂ ጎብኚውን ከሁሉ ይልቅ የሚነካው፣ አስጎብኚ ሆነው ከሚሠሩት መካከል በዚያ ዘመን ታስረው የተገረፉ ሰዎች መኖራቸው ነው። እነርሱ «እንዲህ ይባላል» አይሉም፤ «እንዲህ አድርገውኛል» ይላሉ። አሁን ግን በ1977 ሃያ ዓመት የነበረው ወጣት ወደ ሰባ ተጠግቷል። ይህ ትውልድ ሲያልፍ በዚያ ግድግዳ ፊት ቆሞ የሚናገር ማን ይሆናል? ስለ ቴክኖሎጂ የሚነሣው ጥያቄም በእውነት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ድምፅን ማቆየትና ድምፅን መፍጠር

ይህንኑ ጥያቄ ከእኛ በፊት የተጋፈጡት ከናዚዎች የሞት ሠፈሮች የተረፉት አይሁድ ናቸው። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሾዓ ፋውንዴሽን ፒንከስ ጉተር የተባሉትን የማይዳኔክ ካምፕ ተራፊ በብዙ ካሜራዎች መካከል አስቀምጦ ከሺሕ የሚበልጡ ጥያቄዎችን ጠየቃቸው። መልሳቸው ሁሉ ተቀረጸ። ዛሬ በአንዳንድ ቤተ መዘክሮች አንድ ተማሪ በምስላቸው ፊት ቆሞ በገዛ አፉ ሲጠይቅ፣ ኮምፒዩተሩ ጥያቄውን ሰምቶ ከተቀረጹት መልሶች ተስማሚውን መርጦ ያሰማል። ልብ እንበል፤ መሣሪያው መልስ ይመርጣል እንጂ መልስ አይፈጥርም። የሚሰማው ቃል ሁሉ ሰውዬው በእርግጥ የተናገሩት ነው።

አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት መሣሪያዎች ግን ከዚህ ይለያሉ። የሞተን ሰው ድምፅ አስመስለው ያልተናገረውን ያናግሩታል፤ ያልተነሣውን ፎቶግራፍ ያረጀ አስመስለው ያወጣሉ። በማኅበራዊ መገናኛ «የጥንት ሥዕል» እየተባለ የሚዘዋወረውን ሁሉ የሚያምን ወጣት በየቁምስናችን አይጠፋም። እኛ መሣሪያውን አንኮንንም፤ ለትርጉምና የተጻፈን ድምፅ ለመፈለግ ሊጠቅም ይችላል። ነገር ግን ለአንድ ምስክር ያልተናገረውን ቃል መስጠት፣ በየትኛውም ስም ቢጠራ፣ የሐሰት ምስክርነት ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ስምንተኛውን ትእዛዝ ሲያስተምር ከዚህ የተሻለ የዘመኑ ምሳሌ አያገኝም ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ቴክኖሎጂ በትሕትና ሲያገለግል ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ የማይክሮፊልሙን ሥራ እንመልከት። በ1973 በአሜሪካ በሚኔሶታ ክፍለ ሀገር በኮሌጅቪል የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ የቤነዲክቶሳውያን ገዳም የብራና መጻሕፍት ቤት፣ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክነትና ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ፣ በአድባራትና በገዳማት ያሉትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመረ። ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ተቀረጹ፤ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በኮሌጅቪል ተቀመጠ። ዘመኑ የአብዮትና የጦርነት ዘመን ስለ ነበረ፣ ዋናው ብራና ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ምስሉ እንዲተርፍ ታስቦ ነበር። ብራናው ከባለቤቱ እጅ አልወጣም፤ የሄደው ጥላው ብቻ ነው። በሁለት አብያተ ክርስቲያናት መካከል እንዲህ ያለ ትብብር መኖሩ በራሱ የሚነገር ታሪክ ነው።

ፊልም ተነሥቶ በካዝና ቢቀመጥ ግን ማን ያነበዋል? እዚህ ላይ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ስም ይነሣል። እኒህ ሊቅ በ1975 ወታደሮች ሊይዟቸው በመጡ ጊዜ በጥይት ቆስለው እግራቸው የማይንቀሳቀስ ሆነ። ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው በኮሌጅቪል ያን ሁሉ ፊልም ገጽ በገጽ እያነበቡ፣ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ስም፣ ይዘት፣ ባለቤትና በኅዳጉ የተጻፈውን ማስታወሻ ሳይቀር በዝርዝር መዘገቡ፤ ከዊልያም ማኮምበር ጋርም የመዝገቡን ተከታታይ ቅጾች አሳተሙ። በ1988 የማክአርተርን ሽልማት አገኙ፤ በ2021 ዐረፉ። ዛሬ ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ ከፊልም ወደ ኮምፒዩተር ምስል ተለውጠው በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባሉ። ካሜራው የአንድ ቀን ሥራ ሠራ፤ ምስሉን እውቀት ያደረገው ግን የእኒህ ሰው የዓመታት ልፋት ነው። ይህን ደጋግመን የምንለው፣ በብዙ ቦታ ለካሜራ መግዣ ገንዘብ ሲገኝ ለመዝጋቢው ደመወዝ ግን ሲጠፋ ስለምናይ ነው።

የድንቅነሽ አጥንትና የሊቃውንቱ ክርክር

አሁን ተማሪዎቹ ሁሉ ወደሚያውቋት ወደ ድንቅነሽ እንምጣ። በኅዳር 1974 በአፋር ምድር በሐዳር ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ያገኟት ይህች አፅም፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ስትሆን፣ ከአካሏ 40 ከመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ጎብኚ በብሔራዊው ቤተ መዘክር ቆሞ የሚያየው ቅጂዋን ነው፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ይህን ለልጆች መንገር ያስፈልጋል። አንዳንድ አስጎብኚዎች ደስታውን ላለማጥፋት ሲሉ ያልፉታል፤ እኛ ግን ሲነገራቸው ደስታቸው ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አላየንም። «ታዲያ ዋናው የት ነው? ማን ያየዋል? ቅጂው እንዴት ተሠራ?» ብለው ይጠይቃሉና።

ድንቅነሽ ከ2007 ጀምሮ በአሜሪካ ለዕይታ በቀረበችበት ጊዜ፣ በ2008 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኦስቲን አጥንቶቿ በራጅ መሣሪያ ተነሡ። ሐኪም ቤት ያለውን ሲቲ ስካን የሚያውቅ ሰው አሠራሩን ይረዳዋል፤ ጨረሩ አጥንቱን ሳይነካና ሳይቆርጥ እንደ ቀጭን ገጽ እየከፈለ ያነሣዋል። በዚህ መንገድ ከ35,000 የሚበልጡ ገጾች ተገኙ። በ2016 ፕሮፌሰር ጆን ካፔልማንና ባልደረቦቻቸው «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ፣ በቀኝ ክንዷ ላይ ያለው ስብራት ከከፍታ ወድቆ በእጅ መሬትን ሲመቱ የሚደርሰውን እንደሚመስልና፣ ድንቅነሽም ከ12 ሜትር በላይ ከሆነ ዛፍ ላይ ወድቃ ሳትሞት እንዳልቀረች ጻፉ። ዜናው በዓለም ሁሉ ተሰማ። ወዲያው ግን አግኚዋ ጆሃንሰንና ሌላው ታዋቂ ተመራማሪ ቲም ኋይት አልተቀበሉትም፤ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ከመሬት በታች ለብዙ ዘመን በተጫኑ በሌሎች እንስሳት አጥንቶችም ላይ ይታያል በማለት ተቃወሙ።

ከዚህ የሚበልጥ ነገር ደግሞ ተደረገ። በኢትዮጵያ ፈቃድ የትከሻዋና የጉልበቷ አጥንቶች ቅርጽ በኮምፒዩተር ፋይል ተዘጋጅቶ በኢንተርኔት ለሁሉ ተለቀቀ። ቅርጽ የሚያትም መሣሪያ ያለው ማንኛውም ትምህርት ቤት አትሞ በተማሪ እጅ ላይ ሊያኖረው ይችላል። መሣሪያው የሌለው መምህርም ምስሉን በስክሪን ላይ እያገላበጠ ሊያሳይ ይችላል። ተማሪው «ሊቃውንቱ እንዲህ አሉ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ ስንጥቁን አይቶ፣ ሁለቱን ወገን አድምጦ፣ የቱ አሳማኝ እንደሆነ ይከራከራል። በእኛ አስተያየት ቴክኖሎጂ ለቤተ መዘክር ትምህርት ካበረከታቸው መልካም ነገሮች ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ምክንያቱም መደምደሚያውን ሳይሆን ማስረጃውን ለሕዝብ ሰጥቷልና። በግድግዳ ላይ የሚንቦገቦግ መብራትና የጦር ሜዳ ድምፅ ልብን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ነገር ግን ጎብኚው ሊመረምረው የሚችል ምንም ነገር በእጁ ካላስቀመጠ ከበዓል ርችት ብዙም አይለይም።

ስለ ስልክ ካሜራና ስለማይታየው ነገር

የስልክ ጉዳይ ብዙ መምህራንን ያስጨንቃል፤ «እንከልክል ወይስ እንፍቀድ?» ይላሉ። በአሜሪካ የኢየሱሳውያን በሆነው በፌርፊልድ ዩኒቨርሲቲ ሊንዳ ሄንከል የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ይህን በቤተ መዘክር ውስጥ ፈትነው በ2014 አሳትመዋል። ተማሪዎቹ አንዳንዱን ዕቃ ፎቶግራፍ እንዲያነሡ፣ አንዳንዱን እንዲሁ እንዲመለከቱ ታዘዙ። በማግስቱ ሲጠየቁ ፎቶግራፍ ካነሡት ይልቅ የተመለከቱትን የበለጠ አስታወሱ፤ ካሜራውን አምነው ዓይናቸውን አሳርፈው ነበርና። ነገር ግን ከዕቃው አንዱን ክፍል ብቻ አቅርበው እንዲያነሡ የታዘዙት ትዝታቸው አልቀነሰም። ስለዚህ ጥያቄው ካሜራው መኖሩ አለመኖሩ ሳይሆን ምን እንዲሠራ መታዘዙ ነው። መምህሩ «ሁሉን አንሡ» ከማለት ይልቅ «ይህን መስቀል ለአምስት ደቂቃ ያለ ስልክ ተመልከቱ፤ ከዚያ የተሠራበትን ብልሃት የሚያሳይ አንድ ቦታ ብቻ መርጣችሁ አንሡ፤ ለምን እንደ መረጣችሁም ጻፉ» ቢል፣ ያው ስልክ አጋዥ ይሆነዋል።

ሆኖም ሁሉ ነገር ለካሜራ የተገባ አይደለም። በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት ንዋያተ ቅድሳት መካከል አሥራ አንድ ታቦታት በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ሙዚየሙ ለሕዝብ አያሳያቸውም፤ ባለሙያዎቹም አያዩአቸውም፤ በተዘጋ ክፍል ተሸፍነው ተቀምጠዋል፤ የሚገቡባቸውም የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካህናት ብቻ ናቸው። ማንም ሊያየው፣ ሊያነሣው፣ ሊያጠናው የማይገባን ነገር የያዘ ቤተ መዘክር ምን ያደርግበታል? ጥያቄው ዛሬም አልተቋጨም። እኛ መልሱ ወደ ባለቤቱ መመለስ ነው የሚል ሐሳብ አለን። ለትምህርታችን ግን ከዚህ የምንወስደው ሌላም ነገር አለ፤ «ምስሉን አንሥተን ብንሰጣችሁስ?» የሚለው የዘመናችን ማግባቢያ በዚህ ቦታ ዋጋ የለውም። ለብራና መጽሐፍ የጠቀመው ካሜራ ለታቦት አይጠቅምም። ስለዚህ መሣሪያው ይቻለዋል ወይ ከማለታችን በፊት፣ የዕቃው ባለቤት የሆነው ማኅበረ ሰብ ምን ይላል ብለን መጠየቅ አለብን።

በቁምስናችን ምን እናድርግ?

ለጉብኝቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አንድ ቀን ሙሉ ቤቱን ከመዞር ሦስት ወይም አራት ዕቃ መምረጥ ይሻላል። በኒው ዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር የትምህርት ኃላፊ የነበሩት ፊሊፕ የኔዋይንና አቢጌል ሃውስን ያዘጋጁት ዘዴ፣ መምህሩ ማብራሪያ ከመስጠቱ በፊት ተማሪዎቹን «እዚህ ምን ይታያችኋል? እንዲህ ያላችሁት ምን አይታችሁ ነው? ሌላስ ምን አለ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስተምራል። ከሦስቱ መካከለኛው ጥያቄ ዋነኛው ነው፤ ልጁ ለቃሉ ማስረጃ እንዲያመጣ ያደርገዋልና። በዕቃው ሥር የተጻፈው ማብራሪያ ከዚህ በኋላ ይነበብ። ቀጥሎም ዕቃው ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ሰጠው ወይም እንደ ገዛው በማብራሪያው ላይ አለ ወይ? ከሌለ ለምን የለም? ብለው አስጎብኚውን በአክብሮት ይጠይቁ።

ዋናው ሥራ ግን ቤታችን ውስጥ ነው። ቁምስናዎቻችን ቤተ መዘክር ባይኖራቸውም መዘክር አላቸው፤ መዝገበ ጥምቀት፣ መዝገበ ጋብቻና መዝገበ ሙታን፣ በአሮጌ ሣጥን የተቀመጠ ፎቶግራፍ፣ ከሁሉም በላይ አረጋውያን። በነሐሴ 2001 የቤተ ክርስቲያንን ቅርስ የሚመለከተው ጳጳሳዊ ጉባኤ ባወጣው ደብዳቤ፣ የቤተ ክርስቲያን ቤተ መዘክር የሞቱ ዕቃዎች ማኖሪያ ሳይሆን ለሕያው ማኅበር የሚያገለግል ቦታ መሆን እንዳለበት አሳስቦ ነበር። ለዚህ ሕንጻ አያስፈልግም፤ አንድ ስልክ፣ አንድ ደብተርና ትዕግሥት ለመጀመር ይበቃሉ።

ሁለት ወጣቶች ወደ አንድ አረጋዊ ወይም ወደ አንዲት አረጋዊት ቤት ይሂዱ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይጻፍ። ከመቅረጻቸው በፊት ቃሉ ለምን እንደሚፈለግና ማን እንደሚሰማው በግልጽ ይንገሩ፤ ፈቃድም ይጠይቁ። ቀረጻው ሲጀመር ቀኑ፣ ቦታው፣ የተናጋሪውና የጠያቂዎቹ ስም በድምፅ ይነገር፤ ወረቀቱ ቢጠፋ ድምፁ ራሱ መዝገብ ይሆናልና። «ደርግ መጥፎ ነበር አይደል፣ አባባ?» ብሎ መጠየቅ መልሱን በአፍ ማጉረስ ነው። «ያን ጊዜ ጠዋት ተነሥተው ወዴት ይሄዱ ነበር፣ አባባ?» ቢባል ግን አረጋዊው መንገዱን፣ ጎረቤቱን፣ የዳቦውን ወረፋ፣ የተዘጋውን ትምህርት ቤት ራሳቸው ያመጡታል። ዝም ሲሉም ዝም ይባል። ጠያቂው ቸኩሎ ቀጣዩን ጥያቄ ባይወረውር፣ ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ቃል ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል። የታወሳቸው ዓመት ከመዝገቡ ጋር ባይስማማ አይታረሙ፤ ሁለቱም ይጻፉ፤ ልዩነቱ ራሱ የሚጠና ነገር ነው።

አሮጌ ፎቶግራፍ ሲገኝ ጀርባው አብሮ ይነሣ፤ ስምና ቀን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚያ ነው። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ መጠኑ ተጨምቆ ጥራቱን ያጣል። አንድ ቅጂ በቁምስናው ኮምፒዩተር፣ ሁለተኛው በተነቃይ ማኅደር፣ ሦስተኛው በሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት፣ ይቀመጥ። ሦስቱም በአንድ ቤት ቢሆኑ አንድ ቃጠሎ ይበቃቸዋል። የፋይሉ ስም ስልኩ የሰጠው የቁጥር ድርድር ሆኖ አይቅር፤ ቀኑ፣ የተናጋሪው ስምና የቦታው ስም ይጻፍበት። የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ግን የሕያዋን ሰዎች ምስጢር ያለበት ስለ ሆነ፣ ያለ ቆሞሱ ፈቃድ አንድም ገጽ አይነሣ፤ በማኅበራዊ መገናኛም አይለጠፍ።

ከተቀረጸ በኋላ ቃሉ በጽሑፍ ተገልብጦ ለተናጋሪው ይነበብ። «ይህን አውጡት» ቢሉ ይወጣል። «እኔ እስክሞት አይሰማ» ቢሉ ያ ክፍል ለብቻው ተለይቶ ይታሸግ። የሚከፈትበት ዘመንና የሚከፍተው ሰው ኃላፊነት በፖስታው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ «የቁምስናው ቆሞስ፣ ማንም ቢሆን» ተብሎ በሹመቱ እንጂ በስሙ አይጠራ፤ ስሙ የተጻፈው ሰው ያን ጊዜ ላይኖር ይችላልና።